የቀጨኔ ወንዝ ድምፆች

ሰርካለምን ከደረጃው ሥር ወድቃ ያገኛት ስልክ ጠጋኙ ሳቢት ነው። ዓርብ ቀን ነበር፤ ጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ቅዳሴ ሄዶ የቀጨኔ አቀበት ጭር ባለበት ሰዓት። አንድ እግር ጫማዋ ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል፣ እሷ ታች ተዘርግታለች፤ ከጆሮዋ ሥር የወረደው ደም የሲሚንቶውን ስንጥቅ ይዞ እስከ በሩ ደርሷል። ሳቢት ጃኬቱን አውልቆ ከራሷ ሥር አደረገና መንገድ ላይ ወጥቶ አንድ ሚኒባስ አስቆመ። ረዳቱ "ሙሉ ነን እኮ!" ቢለው፣ "ውረዱልኝ! ሰው እየሞተ ነው!" ብሎ ጮኸ። ደግ ሕዝብ ነው፤ አንድም ተሳፋሪ ሳያጉረመርም ሁሉም ወረደ።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ስትደርስ ሰርካለም ሆስፒታል ገብታለች። ትተነፍሳለች፣ ግን አትናገርም።

ሐመልማል ጉለሌ ፖሊስ ውስጥ ወንጀል ምርመራ ከያዘች ብዙ ጊዜ አልሆናትም። የሸማኔ ልጅ ናት፤ ቀጨኔ ተወልዳ ቀጨኔ ያደገች። ቁጣዋ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ አንዴ ከመጣ ግን በዋዛ አይሄድም።

ሳጅን ኖህ ከፎቁ ወረደ። "ዝርፊያ ነው ኢንስፔክተር። ስልኳ የለም።"

"ቦርሳዋስ?"

"አለ።"

"ላፕቶፕ?"

"ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እንደተከፈተ።"

"ታዲያ ምን ዓይነት ሌባ ነው፣ ላፕቶፕ ዓይኑ ሥር ቁጭ ብሎ አሮጌ ስልክ ይዞ የሚሮጥ?"

"የቸኮለ ሌባ።"

"ወይም የሚፈልገውን የሚያውቅ" አለች ሐመልማል።

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። በሩ ላይ "ንጹሕ ጅረት የበጎ አድራጎት ማኅበር" ይላል። ግድግዳው ላይ የቀጨኔ ወንዝ ካርታ ተሰቅሏል፣ ከላይ እስከ ታች ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስል ቀይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። ከጎኑ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሽልማት ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶ አለ።

ከውጭ ጫጫታ ተሰማ። ቅዳሴ አልቆ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ቢሮው እየወጡ ነው፤ ሁሉም ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ፊት ፊት የሚሄዱት እማማ አፀደ ናቸው፤ ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ እያለሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት።

"አንቺ የሸማኔው የጋሽ ጠንክር ልጅ አይደለሽም? እሰይ! ልጄ፣ ቡድናችን ጠፍቷል።"

"የትኛው ቡድን እማማ?"

"ቴሌግራሙ ነዋ! 'የወንዛችን ድምፅ'። ከቅዳሴ ወጥቼ ብከፍተው የለም። የእሷም የለም፣ የዚያችም የለም። የሰው ድምፅ እንዴት ይጠፋል?" ደም ያለበትን ሲሚንቶ ገና አሁን አዩት። "ምንድነው ይሄ? ሰርኬስ?"

ሐመልማል ነገረቻቸው። እማማ አፀደ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ በላይ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ድርጅት አለ። ቀይ ሲነክር ወንዙ ቀይ ይሆናል፣ ሰማያዊ ሲነክር ሰማያዊ። የእማማ አፀደ ጎመን ሥሩ ይጠቁራል፤ ወንዙ ውስጥ የሚጫወቱ ሕፃናት እግራቸው ይቆስላል። እናቶቹ ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ፤ "ማስረጃ አምጡ" ተባሉ። በኋላ ሰርካለም ከማኅበሩ ጋር መጣች። አብዛኞቹ መጻፍ እንደማይሆንላቸው ባየች ጊዜ "አትጻፉ፣ ተናገሩ" አለቻቸው። ማይክራፎኗን በጣት ተጭኖ ስምን መናገር፣ ቦታን መናገር፣ ያዩትን መናገር፤ ከዚያ ፎቶ ማስከተል። በቃ። "አፀደ ነኝ። ድልድዩ ሥር ነኝ። ውሃው ዛሬ ቀይ ነው።" እያንዳንዱ ድምፅ ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል።

"መጻፍ አንችልም ብለን ነበር" አሉ እማማ አፀደ እንባቸውን እየጠረጉ። "መናገሩንማ ማን ይችለናል!"

ድምፁ በዛ፤ ሬዲዮ ሰማው፤ ሹሞች ሰሙት። አቤቱታው ሰኞ በክፍለ ከተማው አዳራሽ ሊታይ ነው። አንዴ በቀጠሮ ተላልፏል፤ አቤቱታውን የሚሰሙት ሰብሳቢ አሁንም ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡ እንደሚዘጋ ነግረዋቸዋል። ማስረጃው በሙሉ ደግሞ ያ ቡድን ውስጥ ነበር።

"ሰኞ ምን ይዘን እንገባለን ልጄ?"

ሐመልማል ኖህን አስከትላ ወደ ሳቢት ሱቅ አመራች።

*

ሳቢት ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ሸሚዙ ላይ የሰርካለም ደም ደርቋል።

"ሰፈሩ ሁሉ ተዘግቶ አንተ ለምን ከፈትክ?" አለው ኖህ።

"እኔ ዓርብ የምዘጋው ለጁምዓ ነው ሳጅን። ሰግጄ ተመልሼ ከፈትኩ። ወንጀል ከሆነ እሰረኝ።"

"ቀልድ አልጠየቅኩህም።"

"ኧረ እኔም አልሳቅኩም!"

ሐመልማል መሐል ገባች። "ሳቢት፣ ምን ሰማህ?"

"ጭር ብሎ ነበር። ሌላ ቀን እነዚህ ጎረቤቶቼ ሸማኔዎቹ ጓ ጓ እያሉ ጆሮዬን ይበሉኛል፤ ያን ሰዓት እነሱም የሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ሰው ሲጨቃጨቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ አንዱ የሴት ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሚወድቅ ነገር። ስወጣ ታች ተኝታለች።"

"የሚሮጥ ሰው አላየህም?"

"የጓሮ በር አለው እኮ ቤቱ።"

"ስልኳ ሳይከፈት ቡድኑን ማጥፋት ይቻላል?"

ሳቢት ራሱን ነቀነቀ። "ቡድኑ የእሷ ነው። ከእሷ ስልክ ገብቶ ነው ለሁሉም ያጠፋው። መክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ነው።"

"አንተስ ታውቀዋለህ?" አለ ኖህ ወዲያው።

"አውቀዋለሁ። ስክሪኑን እኔ ነኝ የቀየርኩላት።" ደረቱን ነፋ። "ስልክ ጠጋኝ የሰፈሩን ሁሉ መክፈቻ ያውቃል። የሚስትህንም ጭምር።"

ኖህ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሐመልማል ክንዱን ያዘችው። ወደ ቢሮው ሲመለሱ "እሱ ነው ኢንስፔክተር" አለ ኖህ። "ቦታው ላይ ነበር፣ ቁጥሩን ያውቃል፣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።"

"ገፍትሮ ጥሏት፣ ስልኳን ሰርቆ፣ መልሶ በጃኬቱ ደሟን አቁሞ ሚኒባስ የሚያስቆም?"

"ሰው እኮ ይጸጸታል።"

"ይጸጸታል" አለች። "ግን ለምን ብሎ ነው ቡድኑን የሚያጠፋው? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።"

*

የፎቶው ወጣት መሳይ ይባላል፤ የማኅበሩ አስተባባሪ። ከሽሮ ሜዳ በሩጫ እንደመጣ ሆኖ ላቡን እየጠረገ ወደ ቢሮው መጣ። ደሙን ሲያይ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ። "ብቻዋን መተው አልነበረብኝም። ይሄ ተራ ቡድን አይደለም ኢንስፔክተር፤ አርባ ሺህ አባል ያለው እንቅስቃሴ ነው። ውጭ አገር ድረስ ተሞግሷል። ጠላት አለን።"

"ማን?"

"ጉዲና። የማቅለሚያው ሥራ አስኪያጅ። ቡድኑ ውስጥ ገብቶ 'አፋችሁን እናዘጋለን' ብሎ ጽፏል። እኔ ራሴ ነኝ ያስወጣሁት።"

"አንተ ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?"

"ሽሮ ሜዳ፣ ጋሽ መሸሻ የሚባሉ ሸማኔ ጋ።" ስልኩን አወጣ። "የምንመራው አራት አምስት ሰዎች የራሳችን ትንሽ ቡድን አለችን፤ እሷ አልጠፋችም። ያኔ የላክሁትን ይስሙት።"

ድምፁ ተከፈተ። ከጀርባ ሽመና ጓ፣ ጓ፣ ጓ ይላል። "ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አሁን ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቻችን ጋር ነኝ፣ ይሰማችኋል አይደል? ማታ እንገናኝ።" የተላከበት ሰዓት ሥሩ ተጽፏል፤ ሳቢት የሚወድቅ ነገር ሰማሁ ያለበት ሰዓት ነው።

ኖህ በዓይኑ "ነጻ ነው" አላት።

"ወደ ስልኬ ላከው" አለችው ሐመልማል። ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ አስቸግሯታል።

ጣቢያ ሲመለሱ ኮማንደሩ ጠሯት። "የስልክ ቅሚያ ነው፤ በቅሚያ ያዢው። ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ነገር አናብዛ።"

"ሴትየዋ ከሞተችስ ጌታዬ?"

"እስኪ አትሙት።"

"እኔ ደግሞ እስክትሞት አልጠብቅም" አለች ሐመልማል፤ ኮፍያዋን አንስታ ወጣች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ማቅለሚያው ግቢ ገቡ። እርጥብ ጨርቅ በየገመዱ ተንጠልጥሏል፤ በርሜሎች ይጨሳሉ። አቶ ጉዲና ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው።

"'አፋችሁን እናዘጋለን' ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ተናድጄ! እነዚያ እናቶች ምን እንደሚሉኝ ሰምተዋል? 'ቀስተ ደመናው'! ልጄ ትምህርት ቤት 'የቀስተ ደመናው ልጅ' ተባለች።"

ኖህ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?"

"እዚሁ። ሠራተኞቼን ይጠይቁ።"

"ሠራተኞችዎ እርስዎ ያሏቸውን ነው የሚሉት።"

"እንግዲያው ሌላ ላሳይዎት።" ከመሳቢያቸው የታተመ ፎቶ አወጡ። ደም የመሰለ ቀይ ወንዝ፤ ዳሩ ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፤ ከኋላቸው ፍሬ ያንጠለጠሉ የኮኮናት ዛፎች ተሰልፈዋል። ከላይ "ቀጨኔ" ተብሎ ተጽፏል።

"ከቡድናቸው ያወጣሁት ነው። እስኪ ፈጣሪ ያሳይዎት! ቀጨኔ ኮኮናት አለ? አለ እንዴ? እንዲህ ያለ ስንት አለ መሰለዎት! ሰኞ ይሄን ሰብሳቢው ፊት አስቀምጬ 'ሁሉም ውሸት ነው' ልል ነበር። ቡድኑ እስከ ሰኞ እንዲቆይልኝ ስለት የተሳልኩ ሰው ነኝ፤ እኔ ላጠፋው?"

ሐመልማል ፎቶውን አገላበጠችው። ሰውየው እውነታቸውን ነው። ቡድኑ ቢኖር የሚጠቀሙት እሳቸው፣ ቢጠፋ የሚጠረጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ይህን ለማን ነገሩ?"

"ረቡዕ ቢሮአቸው ደውዬ ሳቅኩባቸው። ያቺ ልጅ አነሳችው። ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ በኋላ 'አመሰግናለሁ አቶ ጉዲና' ብላ ዘጋችው። ሰው ሲስቁበት ያመሰግናል?"

ሲወጡ ከአጥሩ ሥር አንድ ቱቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከአፉ የሚፈሰው ውሃ እንደ ቀለም እርሳስ ሰማያዊ ነው። ሐመልማል ቆመች።

"ኮኮናቱ ውሸት ነው" አለች። "ይሄ ቱቦስ?"

አቶ ጉዲና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን ተዉት።

*

ኖህ መኪናውን እየነዳ ያስባል። "ታዲያ ሐሰተኛ ፎቶ እንዳይታይበት የሚፈራ ሰው ነው የምንፈልገው።"

"አርባ ሺህ አባል ያለው ሰው" አለች ሐመልማል።

"እሱ ግን ሽሮ ሜዳ ነበር። ድምፁ አለ።"

ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፈተችው። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። እንደገና ከፈተችው። ያ ድምፅ ልጅነቷ ነው። አባቷ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሰዱ እሷ በድምፁ ትተኛ ነበር፤ በድምፁ ትነቃለች። ድምፁ የማይሰማበት ቀን ሲመጣም ታውቀዋለች፤ አባቷ ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው፣ እጇን ይዘው…

"አቁም!" አለች።

"ምን ሆኑ?"

"አዙረው። ሽሮ ሜዳ።" ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። "ኖህ፣ የድምፅ መልእክት ዛሬ ተናግሮ ነገ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል?"

"ይቻላል እንጂ። የመላኪያዋን ቀስት ጫን ብለው ይይዙና ቀንና ሰዓቱን ይመርጣሉ። በቀጠሮው ራሱ ይሄዳል።"

"በምን አወቅህ?"

ኖህ ጆሮው ቀላ። "የሚስቴን ልደት እንዳልረሳ ነው።"

ጋሽ መሸሻ ሥራ ላይ ነበሩ። ሐመልማል ጥያቄዋን ጠየቀች። ሽማግሌው መወርወሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ጥያቄው እንዳስገረማቸው ሆነው መለሱላት። ሌላ አልጠየቀቻቸውም።

*

መሳይን ቢሮው አገኙት፤ ካርታውን ከግድግዳው እያወረደ ነበር።

"ተወው" አለችው። "ቦታው ላይ ይሁን። ና ተቀመጥ።"

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

"ይሄ የትናንት ነው?"

"አዎ። ሰዓቱ ይታያል እኮ።"

"ከጀርባ የሚሰማው?"

"ሽመና ነው አልኩዎት።"

"ትናንት ቀኑ ስንት ነበር?"

"ዲሴምበር ስድስት።"

"በኛ ነው የጠየቅኩህ።"

መሳይ በጣቱ ቆጠረ። "ኅዳር… ሃያ ሰባት።"

"ሃያ ሰባት ምንድነው?"

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቱ፣ ውሃ እንደፈሰሰበት ወረቀት፣ ቀስ እያለ ተጨማደደ።

"መድኃኔዓለም ነው መሳይ" አለች ሐመልማል። ድምፅዋን አላነሳችም። "በመድኃኔዓለም ጋሽ መሸሻ ሸማ አይሠሩም። የጽዋ ማኅበራቸው ነው። ዕቃቸውን ሸፍነው፣ ደጃፋቸውን ዘግተው ቀኑን እዚህ ቀጨኔ ደብራቸው ነው የዋሉት። እሳቸውም፣ አብረዋቸው የሚሠሩትም። አንተ የሄድከው ሐሙስ ነው። 'ለውጭ ሰዎች የምልከው ነው' ብለህ ስትቀዳቸው ፈግ ብለውልሃል። ስልክህ ዲሴምበርን ያውቃል፣ መድኃኔዓለምን ግን አያውቅም። አንተም ረስተኸዋል።"

"ምናልባት ሌላ ሸማኔ…"

"በቀጠሮ እንደሚላክማ አውቄያለሁ። ሳጅን ኖህ ለሚስቱ ልደት የሚያደርገው ነው።"

"እሱ እንኳ እዚህ ባይነሳ" አለ ኖህ በሹክሹክታ።

መሳይ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሲናገር ድምፁ ከክንዱ መሐል ነው የወጣው።

"ስልኩን ብቻ ነበር። ቻርጅ ላይ ትታው ለምሳ ትወጣለች፣ ሁልጊዜ ትወጣለች። መክፈቻውን አውቀዋለሁ፤ አንስቼው፣ ቡድኑን አጥፍቼ፣ 'ጉዲና ነው' እንዲባል። ስገባ ግን ቁጭ ብላለች። ድምፆቹን አንድ በአንድ እያዳመጠች እውነተኛውን ከሐሰተኛው ትለያለች። 'ሰኞ ይህ ብቻ ነው የኛ እላለሁ' አለችኝ። ለመንኳት! ስልኩን ይዛ ወደ ደረጃው ሮጠች፤ ያዝኩት፣ አልለቅም አለች…"

"ስልኩስ?"

"ቡድኑን አጥፍቼ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት።"

ሐመልማል ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። "የሌሉ ሰዎች ለምን አስገባህ?" አለች።

መሳይ ቀና አለ፤ አሁን ተቆጥቷል። "ሦስት መቶ የቀጨኔ እናት ማን ይሰማል ኢንስፔክተር? እርዳታ ሰጪዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት 'ስንት ተከታይ አላችሁ' ነው። አርባ ሺህ ስል ነው ዞር ብለው ያዩኝ። ፎቶው ሲያንስ ከሌላ አገር አመጣሁ፤ ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ ቀለሙ ያው ቀለም ነው። ለእነሱ ብዬ ነው ያደረግሁት!"

"ለእነሱ ብለህ? ለእነሱ ብለህማ የእነሱን ድምፅ በሐሰተኛ ሰው ሸፈንከው። በኋላም ቆርጠህ ጣልከው። አንዷን ደግሞ ከደረጃ ጣልክ።"

ኖህ ካቴናውን አወጣ።

*

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሐመልማል ወንዙ ዳር ወረደች። እማማ አፀደ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ጎመናቸውን ያያሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አርባ ሺሁን፣ ኮኮናቱን፣ ነገ አቶ ጉዲና የሚያሳዩትን ፎቶ። አንድም አልደበቀቻቸውም። ያሳደጋትን ሰፈር በገዛ አፏ የምትገድል መሰላት።

"እርስዎ ካልፈለጉ ሰኞ ምንም ላልናገር እችላለሁ" አለች። "ምርመራው ገና ነው ብዬ።"

እማማ አፀደ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሰኩት።

"ስንት ነን ታዲያ እኛ፣ እውነተኞቹ?"

"ሦስት መቶ ብትሆኑ ነው።"

"ሦስት መቶ የቀጨኔ ሴት ተቆጥታ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ አላየሁም።"

"ነገ ታያለሽ።" ከዚያ ረጋ አሉ። "ሰርኬ እውነቱን ልትናገር ነበር አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው እኛ ምን ቆርጦን እንዋሻለን! ተነሽ፣ ሂጂ፤ ብዙ ቤት አንኳኳለሁ።"

*

ሰኞ አዳራሹ ሞልቶ ውጭ ተረፈ። እናቶቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተዋል፤ ጭቃውም፣ ጥጡም አብሮ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ማስረጃ አለን ያላችሁት የቴሌግራም ቡድን የለም ተብሏል። ስለዚህ…"

አቶ ጉዲና ፎቶአቸውን ይዘው ተነሱ። አፋቸውን ሳይከፍቱ እማማ አፀደ ቀደሟቸው።

"ይቀመጡ አቶ ጉዲና። ኮኮናቱን ልናሳይ እኛው ነን የመጣነው።"

አቶ ጉዲና ፎቶውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ አርባ ሺህ ነን ተብሎ ነበር። ውሸት ነው። ያንን ያለው ሰው ታስሯል። ያ ፎቶም የኛ አገር አይደለም፤ አውጥታችሁ ጣሉልን። ልጃችን ሰርካለም ይህንኑ እናገራለሁ ብላ ነው ከደረጃ የወደቀችው፤ እሷ መናገር ባትችል እኛ ተናገርንላት። አሁን የሌሉት ሄዱ። ያለነውን ስሙን።"

ስልካቸውን ወደ ላይ ያዙ። ቡድኑ ሲጠፋ በየስልካቸው ያነሱት ፎቶ አልጠፋም ነበር፤ ማንም ሊያጠፋው አይችልም፣ በገዛ ኪሳቸው ነው ያለው። ከዚያ ልክ ማይክራፎኗን እንደሚጫኑ አውራ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አሳርፈው ተናገሩ።

"አፀደ ነኝ። ድልድዩ ሥር ነኝ። ውሃው ዛሬ ሰማያዊ ነው።"

ከኋላ ሌላዋ ተነሳች። "ጽጌረዳ ነኝ። ከወፍጮው በታች ነኝ። የልጄ እግር ይኸው።"

"ቶይባ ነኝ። መሻገሪያው ጋ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ቀይ ነበር፣ ይኸው።"

"ኢየሩ ነኝ…"

አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ትነሳለች። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሊያስቆሙ እጃቸውን አነሱ፤ ኋላ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ፤ ኋላ ወረደ። ስም፣ ቦታ፣ ቀለም። ከአዳራሹ አልቆ ውጭ ያሉት በመስኮት ቀጠሉ። አቶ ጉዲና ፎቶአቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ማንም ግን አላያቸውም።

"ሐሙስ ወርደን ወንዙን እናያለን" አሉ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

"ለምን ሐሙስ?" አሉ እማማ አፀደ። "ወንዙ ዛሬ አለ። እኛም አለን።"

ሦስት መቶ ሴት በአንድ ጊዜ ተነሳች። ሰብሳቢው ዙሪያቸውን አዩ፤ ኮታቸውን ለበሱ።

*

ኮማንደሩ የሐመልማልን መዝገብ አንብበው ፈረሙበት።

ሳቢት ሱቁ ውስጥ አዲስ ቡድን ከፈተ። እናቶቹ ተራ ይዘው አንድ በአንድ ገቡ፤ የማያውቁት ሰው አልገባም። ስሙን ያንኑ "የወንዛችን ድምፅ" አሉት፤ ቡድኑ የአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠልም ጠባቂዎቹን አበዙ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሐመልማል ድልድዩ ጋ እየወረደች ሳለች ስልኳ ጮኸ። እሷም የቡድኑ አባል ናት፤ የድምፅ መልእክት ገብቷል። የተቆራረጠ፣ ደካማ ድምፅ ነው፤ ከጀርባው የሆስፒታል ጋሪ ይንኳኳል።

"ሰርካለም ነኝ። አልጋ ላይ ነኝ። ከዚህ ወንዙ አይታየኝም።" ትንፋሽ ወሰደች። "ውሃው ዛሬ ምን ዓይነት ነው?"

ሐመልማል ድልድዩ ላይ ቆመች። ታች ተመለከተች። ሰብሳቢው ቱቦው እንዲዘጋ ካዘዙ ወዲህ ሰማያዊው ቀጠን ብሏል፤ አልጠፋም። ዳሩ ላይ እማማ አፀደ ወደ ቱቦው አቅጣጫ እያዩ እንደ ዘበኛ ቆመዋል።

ሐመልማል ጣቷን ማይክራፎኗ ላይ አሳረፈች።

"ሐመልማል ነኝ" አለች። "ድልድዩ ላይ ነኝ። ገና ሰማያዊ ነው ሰርኬ። እየጠበቅነው ነው።"